የጎረቤት ዓይንና የሹም ዓይን፦ የሕንፃ ሕጋችን ታሪክ በእንጅባራና በዳንግላ መስኮት

የሕንፃ ሕግ ሲባል በብዙዎቻችን አእምሮ ቀድሞ የሚመጣው የማዘጋጃ ቤት ደጃፍ፣ የፕላን ጥቅልል ይዞ ወረፋ የሚጠብቅ ባለጉዳይና «ነገ ተመለስ» የሚል ሠራተኛ ነው። የታሪክ ጸሐፊዎቻችንም ስለ ነገሥታት፣ ስለ ጦርነትና ስለ መሬት ሥሪት ብዙ ሲጽፉ፣ ሰው ስለሚያድርበትና ስለሚሠራበት ቤት ደኅንነት የወጣውን ደንብ የመሐንዲሶች ጉዳይ አድርገው ትተውታል። ይህ ጸሐፊ በዚህ አይስማማም። የሕንፃ ሕግ በአንድ ጣራ ሥር የሚገቡ የማይተዋወቁ ሰዎች የሚተማመኑበት ውል ነው። ወደ ባንክ፣ ወደ ፍርድ ቤት ወይም ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚገባ ሰው ምሰሶውን አይመረምርም። ሌላ ሰው አስቀድሞ መርምሮታል ብሎ ያምናል። እንግዲህ ሊጠየቅ የሚገባው፣ ያ «ሌላ ሰው» ማን ነው? በእርግጥስ መርምሮታል ወይ? የሚለው ነው።

ይህን ጥያቄ በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ሁለት ከተሞች፣ በእንጅባራና በዳንግላ መስኮት ብንመለከተው ነገሩ ጎላ ብሎ ይታያል። ሁለቱም ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የተዘረጉ ናቸው። ዳንግላ የቆየች የአገው ምድር ገበያ ስትሆን፣ እንጅባራ ደግሞ ኮሶበር ከሚባለው የመንገድ ዳር መንደር ተነሥታ የአስተዳደሩ መቀመጫና የዩኒቨርሲቲ ከተማ ለመሆን በቅታለች። በ1999 ዓ.ም በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ የሁለቱም ነዋሪ በየፊናው ከ20 ሺህ በላይ ነበር። ከሁሉም በላይ ግን፣ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ከቀርከሃና ከጭቃ ቤት ወደ አርማታ ፎቅ የተሸጋገሩ ከተሞች መሆናቸው ለጉዳያችን ምስክር ያደርጋቸዋል።

የጎረቤት ዓይን

የአዊ ደጋ የቀርከሃ አገር ነው። በባንጃና በአካባቢው ቀርከሃ አጥር ነው፤ ግድግዳ ነው፤ ወንበርና አልጋም ነው። የቀድሞው ቤት ክብ ሆኖ፣ መካከሉ ላይ ምሰሶ ቆሞለት፣ ግድግዳው በማገር ተይዞ በጭቃ ይመረግና ጣራው በሣር ይከደናል። የሚሠራውም በደቦ ነው። ባለቤቱ እህልና ጠላ ያዘጋጃል፤ ጎረቤት ጉልበቱንና እውቀቱን ይዞ ይመጣል።

የደቦን ዋጋ ስንናገር አብዛኛውን ጊዜ መረዳዳቱን ብቻ እናነሣለን። ደቦ ግን ቁጥጥርም ነበር። ምሰሶው ጠማማ ከሆነ፣ ጉድጓዱ ጥልቀት ካነሰው፣ ማገሩ ከላላ፣ ሃያ ሰው በዓይኑ ያየዋል፤ ከሃያው መካከልም አንድ ሽማግሌ «ይህ ክረምቱን አይሻገርም» ይላል። ያ ሽማግሌ ቤቱን ያውቀዋል፤ የራሱም ቤት በዚያው እንጨትና በዚያው ጭቃ የተሠራ ነውና። ነገ ሠርግም ሆነ ለቅሶ በዚያው ቤት ስለሚሰበሰብ፣ የቤቱ ጽናት የራሱም ጉዳይ ነበር። የእንጅባራን ክረምት የሚያውቅ ሰው፣ ለወራት የማያቋርጥ ዝናብ የላላ ሥራን እንዴት እንደሚያጋልጥ አይጠፋውም። የግድግዳው መሰንጠቅም ሆነ የምሰሶው መበስበስ ከመውደቁ በፊት ይታያል።

ይህን ስንል ያለፈውን ዘመን ገነት ማድረጋችን አይደለም። የሣር ክዳን በአንድ የእሳት ፍንጣሪ መንደርን ይዞ ይሄድ ነበር። ጭሱ የእናቶችን ዓይንና ሳንባ ጎድቷል። እግሩ የማይሄድለትን ወይም ዓይኑ የማያይለትን ሰው በተመለከተም የነበረው ዘዴ ቤተሰብ ይሸከመው፣ አለዚያም ከቤት ይዋል የሚል ነበር። ቢሆንም ሁለት ነገሮች ልብ ይበሉልን። አንደኛ፣ የቤቱ ጉድለት ለሁሉም የሚታይ ነበር። ሁለተኛ፣ የቤቱ ወለል ከግቢው አፈር እምብዛም አይርቅም ነበር። በዘመናዊ ከተሞቻችን ያጣናቸው እነዚህን ሁለቱን ነው።

ከቅጣት ወደ ጥንቃቄ

የሕንፃ ሕግ በዓለም ታሪክ በሁለት መንገድ ተጉዟል። አንደኛው ጥፋት ከደረሰ በኋላ መቅጣት ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ18ኛው መቶ ዓመት የወጣው የባቢሎኑ ንጉሥ የሐሙራቢ ሕግ፣ የሠራው ቤት ፈርሶ ባለቤቱን የገደለ ግንበኛ ይገደል፤ የባለቤቱን ልጅ የገደለ እንደሆነ የግንበኛው ልጅ ይገደል ይላል። ሁለተኛው መንገድ ጥፋት እንዳይደርስ አስቀድሞ ማዘዝ ነው። ለኛ አንባቢ የሚቀርበው ምሳሌ ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ነው፤ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ከጣራው ላይ ሰው ወድቆ ደም እንዳይሆንበት በዙሪያው መከታ እንዲያደርግ ያዝዛል። በሐሙራቢ ሕግ የሞተው ሞቷል፤ ዳኛው የሚያወራርደው ሒሳብ ብቻ ነው። በኦሪቱ ሕግ ግን የሚሞተው ሰው ገና አልሞተም፤ ሕጉ የወጣው እንዳይሞት ነው።

የከተሞች ታሪክ ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው የመሸጋገር ታሪክ ነው፤ ሽግግሩ የመጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ በመከራ ነው። እ.ኤ.አ በ1666 የለንደን ከተማ ከ13 ሺህ በላይ ቤቶቿ ከተቃጠሉባት በኋላ፣ በዓመቱ የወጣው የመልሶ ግንባታ ሕግ ቤቶች በጡብና በድንጋይ እንዲሠሩ አዘዘ፤ በአራት ደረጃ ከፍሎ የየደረጃውን የግድግዳ ውፍረት ወሰነ፤ ይህን የሚያዩ ተቆጣጣሪዎችንም ሾመ። የሹም ዓይን የጎረቤትን ዓይን መተካት የጀመረው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። ከተማ ሲያድግ ጎረቤት አይተዋወቅምና።

ዘመናዊው ፕላን በምን መልክ ደረሰን?

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ዘመናዊ የከተማ ፕላንና የሕንፃ ደንብ በስፋት የተሞከረው በጣሊያን ወረራ ዘመን መሆኑ የሚያሳዝን እውነት ነው። ጊዲና ቫሌ የተባሉት የጣሊያን አርክቴክቶች ለአዲስ አበባ ያወጡት ፕላን የነጩንና የአገሬውን ሰፈር ለያይቶ ያስቀመጠ ነበር። በዚያ እጅ ደንብ መለያያ እንጂ መጠበቂያ አልነበረም። ከዚህ አንድ ትምህርት እንወስዳለን። ማንኛውም የሕንፃ ደንብ ሲወጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ማንን ያስገባል? ማንንስ በር ላይ ያስቀራል?» ተብሎ ነው።

ዳንግላ በዚያ ዘመን ከውጭው ዓለም ጋር የተዋወቀችው ቀደም ብላ ነው። ሮበርት ቺዝማን እ.ኤ.አ ከ1925 እስከ 1934 የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ የተቀመጠው በዚህች ከተማ ሲሆን፣ የጣናንና የዓባይን ምድር አጥንቶ መጽሐፍ ጽፏል። በወረራው ዘመን የጣሊያን ጦር ሰፍሮባት፣ በየካቲት 1933 ዓ.ም ለቅቆ ወጣ። ጦሩ ቢወጣም በመላ አገሪቱ የግንባታ ቃላቱ ቀሩ። ዛሬ በእንጅባራ ወይም በዳንግላ የግንባታ ቦታ ላይ ቆሞ ለሚያዳምጥ ሰው አርማታ፣ ሶሌታ፣ ቶንዲኖ፣ ስታፋ፣ ሞራሌ፣ ብሎኬት የሚሉት ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ዕቃው ከነስሙ ገባ። ዕቃውን የሚቆጣጠረው ሥርዓት ግን አብሮ አልገባም፤ እሱን ለማግኘት አሥርተ ዓመታት ፈጅቶብናል።

ከነጻነት በኋላ በ1937 ዓ.ም የወጣው የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 74 ለከተሞች ሕጋዊ ሰውነት ሰጠ። በ1952 ዓ.ም የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ስለ ሕንፃ የሚናገሩ ጠንካራ አንቀጾች ይዞ መጣ። በቁጥር 2077 መሠረት ሕንፃው ላደረሰው ጉዳት፣ ጉዳቱ አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችል ቢሆንም እንኳ፣ ባለቤቱ ኃላፊ ነው። በቁጥር 2079 የሌላው ሰው ሕንፃ የሚያሰጋው ሰው ባለቤቱ አደጋውን እንዲያስወግድ ሊጠይቅ ይችላል። በቁጥር 3039 ደግሞ ሥራ ተቋራጩ ሕንፃውን ካስረከበ በኋላ ለ10 ዓመት ለሥራው ትክክለኛነትና ለሕንፃው ጽናት ዋስ ይሆናል።

አንባቢ በተለይ ቁጥር 2079ን እንዲያስተውልልን እንፈልጋለን። ያ አንቀጽ የጎረቤትን ዓይን ወደ ሕግ መጽሐፍ ያስገባ ነው። ጎረቤት እስኪጎዳ አይጠብቅም፤ ስጋቱ ብቻ ለመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ይሁንና ይህን መብት ለመጠቀም ጎረቤቱ አደጋውን ማየት አለበት። የጭቃ ግድግዳ መዝመሙን ያያል፤ በአርማታው ውስጥ የጎደለውን ብረት ግን በምን ዓይኑ ያየዋል?

ባለቤት የጠፋበት ዘመን

በሐምሌ 1967 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። ስለ አዋጁ ፖለቲካ ብዙ ተብሏል፤ እኛ እዚህ የምናነሣው ስለ ሕንፃ ደኅንነት ያለውን ውጤት ብቻ ነው። የፍትሐ ብሔሩ ሕግ የቆመው «ባለቤት» በሚባል ምሰሶ ላይ ነበር። ኪራዩን የሚቀበለውም፣ ጣራውን የሚጠግነውም፣ ጉዳት ሲደርስ የሚከሰሰውም እሱ ነው። ከአዋጁ በኋላ የብዙ ቤቶች ባለቤት መንግሥት ሆነ፤ ኪራዩም እንኳን ለእድሳት ለቆርቆሮ ምስማር የማይበቃ እየሆነ መጣ። ተከራዩ «ቤቱ የኔ አይደለም» ብሎ አይጠግንም፤ ቀበሌው «በጀት የለም» ብሎ አይጠግንም። የሁሉም የሆነ ቤት የማንም ሳይሆን ቀረ። በየከተሞቻችን መሐል እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ ያየናቸው የዘመሙ የቀበሌ ቤቶች የዚያ ዘመን ውርስ ናቸው።

የሙያው ደረጃ ግን በዚህም መካከል ማደጉ አልቀረም። በ1987 ዓ.ም የወጡት የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ ስታንዳርዶች የአርማታን፣ የብረትን፣ የመሠረትንና የመሬት መንቀጥቀጥን ሥሌት ሥርዓት አስያዙ። ጎደሎው፣ መሐንዲሱ ኮዱን እንዲከተል የሚያስገድድ፣ ያልተከተለውን የሚያስቆም አገራዊ ሕግ ነበር።

የ2001ዱ አዋጅ

ያ ሕግ በ2001 ዓ.ም መጣ። የኢትዮጵያ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001፣ በ2003 ዓ.ም ከወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 243 ጋር ሆኖ፣ 10 ሺህና ከዚያ በላይ ነዋሪ ላላቸው ከተሞች ወጣ። እንጅባራና ዳንግላ ከዚህ ወለል በላይ ነበሩና ሕጉ ለእነሱም የተጻፈ ነበር። አዋጁ «የሕንፃ ሹም» የሚባል ኃላፊነት ፈጠረ። ሹሙ ፕላን ይመረምራል፤ የግንባታ ፈቃድ ይሰጣል ወይም ይከለክላል፤ ግንባታው በሚካሄድበት ጊዜም ይቆጣጠራል። በሹሙ ውሳኔ ቅር የተሰኘ ሰውም አቤት የሚልበት ቦርድ ተደነገገ።

ሕንፃዎች በሦስት ተመደቡ። በምድብ «ሀ» የምሰሶዎቹ ርቀት ከ7 ሜትር ያልበለጠ ባለ አንድ ወለል ቤት ገባ። በምድብ «ለ» ርቀቱ ከዚህ የበለጠ ወይም ሁለትና ከዚያ በላይ ወለል ያለው ሕንፃ፤ በምድብ «ሐ» ደግሞ ሕዝብ የሚገለገልበት ወይም የተቋም ሕንፃ፣ ፋብሪካ፣ እንዲሁም ከመሬት በላይ ከ12 ሜትር የሚበልጥ ሕንፃ ሁሉ ተካተተ። አመዳደቡ አስተዋይ ነው። ብዙ ሰው በሚሰበሰብበት ቦታ ጥብቅ ይሆናል፤ ደኃው ለራሱ በሚሠራት ትንሽ ቤት ላይ ግን አይጨክንም።

ከሁሉም የሚደነቀው አንቀጽ 36 ነው። ማንኛውም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚንቀሳቀሱና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች የሚመች መግቢያ እንዲኖረው፣ መጸዳጃ ቤቱም እንዲመቻቸው ይደነግጋል። በቀጣዩ ዓመት በ2002 ዓ.ም ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676 አጸደቀች። ስለዚህ መግቢያው የቸርነት ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የሕግ ግዴታ ሆነ። በሐሙራቢና በኦሪት መካከል ካየነው ልዩነት አንጻር ሲመዘን፣ ሕጋችን ከ«ማን ይከፍላል?» ወደ «ማን አስቀድሞ ያያል?» ተሸጋገረ ማለት ነው።

ዓይኑ የት አለ?

በወረቀት ላይ ያለው ይህ ነው። በመሬት ላይ ያለውን ለመረዳት ግን የአርማታን ጠባይ ማወቅ ይጠይቃል። የአርማታ ጉድለት ራሱን የሚሸፍን ጉድለት ነው። የምሰሶው ስታፋ በ15 ሳንቲ ሜትር መታሰር ሲገባው በ30 ቢታሰር፣ ሲሚንቶውና አሸዋው እንዲላላ ተብሎ ውኃ ቢበዛበት፣ ሙሌቱ ከደረቀ በኋላ ቢያንስ ለሳምንት ውኃ መጠጣት ሲገባው ቢረሳ፣ ልስኑና ቀለሙ ሁሉንም ይደብቀዋል። ይህ ስሕተት የሚታይበት ጊዜ አጭር ነው። ብረቱ ታስሮ አርማታው እስኪሞላ ያለችው አንዲት ቀን፣ አንዳንዴም ጥቂት ሰዓታት ናት። በዚያች ሰዓት የሚያይ ዓይን ከሌለ ሕንፃው ምሥጢሩን ይዞ ለሃምሳ ዓመት ይኖራል፤ ካልሆነም አንድ ቀን ራሱ ይናገራል።

እንግዲህ የሕንፃ ሹም ሥራ በቢሮ ማኅተም ማሳረፍ ሳይሆን በዚያች ሰዓት በቦታው መገኘት ነው። ይሁን እንጂ በየከተሞቻችን ሹሙ ጥቂት ባለሙያ፣ ደካማ መጓጓዣና ትንሽ ደመወዝ ይዞ፣ ከሚቆጣጠረው ባለሀብት ጉልበት ጋር የሚጋፈጥ ሰው ነው። ፈቃድ መስጫው በወረቀት የተጨናነቀ ሆኖ ክትትሉ ባዶ ይሆናል። ባለፉት ዓመታት ደግሞ የከተማ አስተዳደሮች ዓይን በአብዛኛው ወደ ሕንፃው ፊት ዞሯል። የፊት ቀለሙ፣ መብራቱ፣ ከመንገዱ ጋር ያለው አሰላለፍ ጥብቅ ትእዛዝ ይወጣበታል። ማማር አይጠላም፤ ሰፋፊ የእግረኛ መንገድም ለሁሉም ይጠቅማል። ግን ሕንፃ በፊቱ አይቆምም፤ የሚቆመው በምሰሶው ነው።

ይህ የቃላት ጨዋታ አለመሆኑን መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም በክልላችን በምንጃር ሸንኮራ፣ አረርቲ ላይ የደረሰው መከራ አሳይቶናል። በግንባታ ላይ በነበረችው የማርያም ቤተ ክርስቲያን ለክብረ በዓል የተሰበሰቡ ምእመናን የቆሙበት የእንጨት መወጣጫ ተደርምሶ ቢያንስ 36 ሰዎች ሞቱ፤ ከ200 በላይ ቆሰሉ። የሟቾችን ነፍስ ይማር። ሐዘኑ እንዳለ ሆኖ፣ አንድ ነገር መናገር ግዴታችን ነው። የግንባታ መወጣጫ ለሠራተኞች እንጂ ለሕዝብ አይሠራም፤ ሥራው ወዳላለቀና ለአገልግሎት ወዳልተፈቀደ ሕንፃ ሕዝብ እንዳይገባ መከልከልም የሕንፃ ሕግ አንደኛው ዓላማ ነው። የአዊ ደጋ የባሕር ዛፍና የቀርከሃ አገር በመሆኑ፣ በከተሞቹ መወጣጫው ሁሉ ከአጣና ነው። እንጨቱ ጥፋተኛ አይደለም፤ በአግባቡ ከታሰረና ከተቆጠረ ይሸከማል። ጥፋቱ፣ ምን ያህል እንደሚሸከም የሚቆጥርና «ከዚህ በላይ አይወጣም» የሚል ሰው አለመኖሩ ነው። ከአደጋ በኋላ የሚቋቋም አጣሪ ኮሚቴ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ከሚባለው አይሻልም።

የሌላውም ዓለም ተሞክሮ ከዚህ የራቀ አይደለም። እ.ኤ.አ ሚያዝያ 24 ቀን 2013 በባንግላዴሽ ራና ፕላዛ የተባለው ባለ ስምንት ፎቅ ሕንፃ ተደርምሶ 1,134 ሰዎች ሲሞቱ፣ ስንጥቁ በዋዜማው ታይቶ ነበር። በታችኛው ፎቅ የነበረው ባንክ ሠራተኞቹን ሲያሰናብት፣ የልብስ ፋብሪካዎቹ ግን ሠራተኞቻቸውን መልሰው አስገቡ። ቱርክ ጥሩ የመሬት መንቀጥቀጥ ኮድ ያላት አገር ናት፤ ይሁንና እ.ኤ.አ በ2018 ከደንብ ውጭ ለተሠሩ ሕንፃዎች በክፍያ ምሕረት የሚሰጥ ሕግ አወጣች። በየካቲት 2023 ምድር ስትናወጥ ከ50 ሺህ በላይ ሰው ሞተባት። ምሕረቱ የይዞታውን ወረቀት አስተካከለ እንጂ ምሰሶውን አላጠናከረውም። እኛም ከደንብ ውጭ የተሠሩ ቤቶችን ሕጋዊ ስናደርግ የምናየው የቦታውን ካርታ ነው፤ የቤቱን ጽናት የሚጠይቅ ግን እምብዛም የለም።

ስለ ደረጃና ስለ ዜግነት

ወደ አንቀጽ 36 እንመለስ። የእንጅባራ ዓይነት ዝናብ በሚዘንብበት አገር የሱቅና የቢሮ ወለል ከመንገዱ ከፍ ብሎ መሠራቱ ትክክል ነው። ችግሩ ከፍታውን የምናልፈው በደረጃ ብቻ መሆኑ ነው። በዓለም የተለመደው የተሽከርካሪ ወንበር መወጣጫ ልክ አንድ ለ12 ነው፤ ማለትም ወለሉ ከመንገዱ 60 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ እንደሆነ መወጣጫው 7 ሜትር ከ20 ርዝመት ያስፈልገዋል። ይህን 7 ሜትር በፕላን ወረቀት ላይ ማስገባት የእርሳስ ዋጋ ብቻ ነው። ሕንፃው አልቆ፣ ደጁ በእግረኛ መንገድና በውኃ መውረጃ ቦይ ከታጠረ በኋላ ግን ብዙ ጊዜ የማይቻል ይሆናል። ስለዚህ አንዳንድ ቦታ ለይስሙላ የተሠራ፣ በጤነኛ ጉልበት እንኳ ተይዞ የሚወጣ ቁልቁለት እናያለን። ፈቃድ ሲጠየቅ በፕላኑ ላይ ይሳላል፤ በተግባር ግን አህያ እንኳ አይወጣውም።

«አካል ጉዳተኛ ስንት ነው?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ በ2022 ባወጣው ሪፖርት ከዓለም ሕዝብ 16 በመቶ የሚሆነው ከባድ የአካል ጉዳት እንዳለበት ገምቷል። በአገራችን ደግሞ የቅርብ ዓመታት ጦርነቶች እግርና ዓይን ያጡ ወጣቶችን ቁጥር አብዝተዋል። በዚህ ላይ ነፍሰ ጡሯን፣ ሸክም የያዘውን፣ በምርኩዝ የሚሄደውን አረጋዊ ጨምሩበት። ዕድሜ ከሰጠን ሁላችንም ተራችንን ጠባቂዎች ነን።

ነገሩ ግን ከቁጥር በላይ ነው። ችሎት በሁለተኛው ፎቅ ላይ ሲሆንና አሳንሰር ከሌለ፣ በክራንች የሚሄድ ሰው ለመክሰስም ሆነ ለመመስከር ሰው ሊሸከመው ይገባል። የመሬት ጽሕፈት ቤቱ፣ የገቢዎች መሥሪያ ቤቱ፣ የምርጫ ጣቢያውም እንደዚሁ። ሕግ ፊት እኩል ነን ስንባል፣ ሕጉ ዘንድ ለመድረስ ስንት ደረጃ አለው ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። በጎጆው ዘመን ወለሉ ከአፈሩ አይርቅም ነበር ያልነው ለትዝታ አይደለም። ዘመናዊነት በብዙ ነገር ከፍ ሲያደርገን፣ አንዳንዶቻችንን በር ላይ ጥሎ ሄዷል ለማለት ነው።

ደኃ ከተማና ጥብቅ ሕግ

እዚህ ላይ ልናልፈው የማይገባ ተቃውሞ አለ። «ሕጉ በጠበቀ ቁጥር ቤት ይወደዳል፤ ደኃው በሌሊት ወደሚሠራ የጨረቃ ቤት ይሸሻል፤ ሹሙም ለጉቦ አዲስ በር ያገኛል» የሚል። ሚዛን የሚደፋ ሐሳብ ነው። መልሱ ሕጉን ማላላት ሳይሆን ቅደም ተከተል መስጠት ነው። የ2001ዱ አዋጅ ሦስት ምድቦች የወጡትም ለዚሁ ነበር። ባለ አንድ ወለል መኖሪያ ቤት ለሚሠራ ደኃ የተዘጋጀ፣ በነጻ የሚሰጥ መደበኛ ፕላንና ቀላል ምክር ይበቃዋል። ጥብቅነቱ ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታል፣ ችሎት፣ ሆቴል፣ የገበያ ማዕከልና ቤተ እምነት ላይ ይሁን። ከእነዚህም መካከል ቀድሞ መመርመር ያለበት የመንግሥት ሕንፃ ነው። ራሱ ያወጣውን ሕግ የማያከብር መንግሥት ግለሰቡን ለማዘዝ አፍ የለውም።

ከዚህ ሌላ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቁ ሁለት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው፣ የሹሙ ውስን ጊዜ ከወረቀት ወደ ሙሌት ቀን ይዙር፤ በሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ላይ የምሰሶና የሶሌታ ብረት ሳይታይና ሳይፈረምበት አርማታ አይሞላ። በአካባቢው ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች የምሕንድስና መምህራንና የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ለዚህ ሥራ ረዳት ሊሆኑ ይችላሉ። ሁለተኛው፣ ምርመራው የአደባባይ ይሁን። የግንባታ ፈቃዱ፣ የመሐንዲሱና የሥራ ተቋራጩ ስም፣ ብረቱን አይቶ የፈረመው ሹም ስም፣ የአገልግሎት ፈቃዱ ቀንም በሕንፃው በር ላይ በአማርኛና በአዊኛ ይለጠፍ። ያን ጊዜ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2079 ነፍስ ይዘራል፤ በአርማታው ውስጥ ማየት የማይችለው ጎረቤት ቢያንስ ማን እንዳየለት ያውቃል። ጉቦም በጨለማ እንጂ በአደባባይ በተጻፈ ስም ላይ አይደፍርም።

የአገው ሕዝብ በጋራ መቆምን ያውቅበታል። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም ጀምሮ ዘመናት ሲቀያየሩ ሳይፈርስ የቆየው የማንም በጀት ደግፎት ሳይሆን አባላቱ እርስ በርስ ስለሚተያዩና ስለሚጠያየቁ ነው። ከተማ ደቦን መልሶ ሊያመጣው አይችልም፤ የማይተዋወቅ ሰው ምሰሶ ሊያቆም አይሰበሰብም። ሊያመጣው የሚችለው የደቦን ጥያቄ ነው፤ «ይህ ክረምቱን ይሻገራል ወይ?» የሚለውን። ጥያቄውን በስሙና በፊርማው የሚመልስ ሰው በየከተማው እስኪኖረን ድረስ፣ በየፎቁ ሥር የምንገባው በእምነት ሳይሆን በዕድል ነው።